ልጆቻችን በባዶ ራሳቸው ዋሻ አይግቡ

ግልጽ ደብዳቤ

ለሰሜን ሸዋ ዞን ትምህርት መምሪያ
ለዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
ለየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና ለርእሳነ መምህራን
እንዲሁም ለወላጆች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፦

ሰላምታዬን አስቀድሜ ወደ ነገሬ ልግባ። ዋናው ጥያቄዬ አንድ ነው። በዞናችን አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ወደ ዋሻ ወይም ወደ ገደላማ ቦታ ለጉብኝት ሲወስድ፣ በልኩ የሆነ ሄልሜት ያላደረገ ልጅ እንዳይገባ መመሪያ አውጡልን። ሄልሜቱም ከወላጅ ኪስ አይምጣ። በየጉድኝት ማዕከሉ ተቀምጦ በዙሪያው ያሉ ትምህርት ቤቶች እየተዋሱ ይጠቀሙበት።

ለምን አሁን ትሉኝ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ጉዞው እንደ ድሮው አይደለም። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን ይህም ጊዜ ያልፋል። መንገዱ ሲከፈት አውቶቡስ ሞልተው ቀድመው የሚወጡት ተማሪዎች ናቸው። ያኔ ደንብ እናውጣ ብንል ማን ይሰማናል? ሁሉም ለመሄድ ይጣደፋል። የታሪክ ክበቡ መዋጮውን ሰብስቧል፣ አውቶቡሱ ተከራይቷል፣ ዳቦው ተገዝቷል። በዚያ ሰዓት «ሄልሜትስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጉዞ አበላሽ ነው የሚባለው።

አገሩን ታውቁታላችሁ። ከደብረ ብርሃን ወጥታችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ መሬቱ በድንገት ያልቃል። ጣሊያን የፈለፈለውን ቱኔል አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ በግራም በቀኝም ገደል ነው። የምኒልክ መስኮት ጫፍ ላይ ቆሞ ፎቶ መነሳት የማይፈልግ ተማሪ አላየሁም። የመንዝ ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አንኮበርም ቢሆን ዳገቱን ሳትወጡ ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ቦታ ላይ አትደርሱም። የሚያምረው ሁሉ ገደል አጠገብ ነው።

የገደሉ ድንጋይ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው። ሲያዩት የማይነቃነቅ ይመስላል። ግን ስንጥቅ በስንጥቅ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሲጥል በስንጥቁ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ በረዶ ይለወጣል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ይጨምራል። በየሌሊቱ ስንጥቁን ትንሽ ትንሽ እየገፋ ያሰፋዋል። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት በረዶው ይቀልጥና ተጣብቆ ያደረው ድንጋይ ይለቃል። ከከተማ በጠዋት የተነሳው አውቶቡስ ደግሞ ተማሪዎቹን ገደሉ ሥር የሚያወርዳቸው ልክ ረፋድ ላይ ነው።

ጭላዳውንም አትርሱት። ጭላዳ የሚያድረው ገደሉ ላይ ነው። ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣል፣ ማታ ተመልሶ ይወርዳል። መንጋው በጫፉ ላይ ሲሯሯጥ ድንጋይ ይለቃል። ክፋት የለበትም፤ ፍየልም ያደርገዋል። ቀድሞ የወጣ የክፍል ጓደኛም ያደርገዋል። ከ10 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ ታች ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ20 ሜትር ከሆነ 70 ይሆናል። ጡጫ የምታህል ድንጋይ በዚያ ፍጥነት የ11 ዓመት ልጅ አናት ላይ ብታርፍ ምን እንደምታደርግ ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ወደ ዋሻው ልምጣ። ዋሻዎቻችን እንደ ባሌው ሶፍ ዑመር 15 ኪሎ ሜትር የሚሄዱ አይደሉም። ብዙዎቹ አጫጭር ናቸው። የምንንቃቸውም ለዚህ ይመስለኛል። «ምን አላት፣ ገብቶ መውጣት ናት» እንላለን። የልጅ ራስ የሚመታው ግን እዚያችው ጣሪያዋ ዝቅ ያለች ዋሻ ውስጥ ነው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ይሄዳል፤ ከፊቱ ያለው ይቆማል፤ እሱም ምን ተፈጠረ ብሎ ቀና ይላል። በቃ። ጣሪያው ለስላሳ አይደለም።

የዘረት ዋሻን ነገር ለብቻው ላንሳ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር የአርበኛውን የአበበ አረጋይን ተከታዮች፣ ሴቶችን፣ ሽማግሌዎችንና ሕፃናትን ጭምር፣ በዚያ ዋሻ ውስጥ ከብቦ በመርዝ ጋዝ ፈጅቷቸዋል። አጽማቸው ዛሬም እዚያው ነው። ልጆች አይሂዱ የምል ሰው አይደለሁም። ይሂዱ እንጂ! እዚያ ቆመው ቢሰሙት ከክፍል ውስጥ ትምህርት ይበልጥ ያስታውሱታል። ግን 60 ልጅ እየተጋፋ በሦስት የስልክ መብራት ሲገባ የልጁም አናት ይመታል፣ የሰማዕታቱም አጽም ይረገጣል። በትንሽ በትንሽ ቡድን፣ ሄልሜት አድርጎ፣ መብራቱን ግንባሩ ላይ አስሮ የገባ ልጅ ግን እግሩ የት እንደሚያርፍ ያያል። ሁለት እጁም ነፃ ነው። ባህልና ቱሪዝም መምሪያን በዚህ ደብዳቤ የጨመርኩትም ለዚህ ነው። ቅርሱንም ልጁንም የሚጠብቀው አንድ ዓይነት ሥርዓት ነው።

የማወራው ከሰማሁት ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ በወላጅ ተወካይነት አብሬ ሄጃለሁ። ትምህርት ቤቱን አልጠራም፤ ነገሩ የእሱ ብቻ አይደለምና። አስተባባሪው መምህር ጥሩ ሰው ነው፣ ልጆቹም ይወዱታል። የያዘው ግን ስልኩን ብቻ ነበር። አንድ የ6ኛ ክፍል ልጅ ከዋሻው ሲወጣ ብርሃን አየሁ ብሎ ቶሎ ቀና አለና ጣሪያው አናቱን ከፈተው። ደሙ በፊቱ ላይ ሲወርድ ጓደኞቹ ጮሁ። ከአቅራቢያው ቤት የተፈጨ ቡና መጣና ቁስሉ ላይ ተደረገበት። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ አውቶቡሱ ውስጥ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ሾፌሩ ጋ ነው፤ ሾፌሩ ምሳ ሄዷል። ልጁ ጤና ጣቢያ ተሰፍቶ ዳነ። በዓመቱ ያው ትምህርት ቤት ወደዚያው ዋሻ እንደዚያው አድርጎ ሄደ። የተጨመረው ነገር ቢኖር የፈቃድ ወረቀቱ ላይ «ለሚደርሰው ማንኛውም ጉዳት ትምህርት ቤቱ ኃላፊነት አይወስድም» የምትል መስመር ናት።

ልጅ ትንሽ አዋቂ አይደለም። ሕፃን ሲወለድ ራሱ የቁመቱን አንድ አራተኛ ያህል ይሆናል፤ አዋቂ ላይ ግን አንድ ሰባተኛ ወይም አንድ ስምንተኛ ነው። ተማሪው በእነዚህ መካከል ነው ያለው። ራሱ ለአካሉ ከበድ ይላል፣ የአንገቱ ጡንቻ ገና አልጠነከረም፣ የራስ ቅሉም ከአባቱ ይሳሳል። ሲወድቅ ራሱ ቀድሞ መሬት ቢነካ አይገርምም።

አሁን «ሄልሜት ይገዛ» የሚለው ውሳኔ ተወሰነ እንበል። የምፈራው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ግዢ ክፍሉ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስብና ዝቅተኛውን ዋጋ ያጸድቃል። የሚመጣው ወይ የሞተር ሄልሜት ነው፣ ወይ የኮንስትራክሽን ቢጫ ሄልሜት። ሁለቱም ለዚህ ሥራ አልተሠሩም።

የሞተር ሄልሜት አስፋልት ላይ ነፍስ ያድናል። ዋሻ ውስጥ ግን ይከብዳል፣ ጆሮ ይደፍናል፣ ወደ ጎን ማየትን ያጠባል። ልጅ ከኋላው «ቁም!» ሲባል ካልሰማ ምን ዋጋ አለው? የኮንስትራክሽኑ ደግሞ በተለመደው የአውሮፓ ደረጃ፣ ኢኤን (EN) 397 በሚባለው፣ በዋናነት የሚፈተነው ከላይ በቀጥታ ለሚወድቅ ነገር ነው። አንሸራቶት በጎኑ ወይም በማጅራቱ ለሚወድቅ ሰው ብዙም አልታሰበበትም። የአገጭ ማሰሪያው፣ ካለው፣ ከ150 እስከ 250 ኒውተን፣ ከ15 እስከ 25 ኪሎ ግድም በሚሆን ክብደት ማለት ነው፣ ሲጎተት እንዲለቅ ሆኖ ነው የሚሠራው። ሠራተኛው ሄልሜቱ የሆነ ነገር ላይ ቢያዝበት እንዳይታነቅ ታስቦ ነው። ለሕንፃ ሠራተኛ ትክክል ነው። ቁልቁለት ላይ ለሚንከባለል ልጅ ግን ሄልሜቱ ገና በመጀመሪያው ግጭት ከራሱ ወልቆ ሊቀር ይችላል።

ለዋሻና ለገደል የሚሆነው የተራራ መውጫ ሄልሜት ነው። ደረጃው ኢኤን 12492 ይባላል፤ ቁጥሩ ውስጡ ተለጥፎ ወይም ታትሞ ይገኛል። ሲፈተን 5 ኪሎ ክብደት ከ2 ሜትር ከፍታ ይለቀቅበታል፤ ወደ ራስ የሚያልፈው ኃይል ከ10 ኪሎ ኒውተን መብለጥ የለበትም። ከፊት፣ ከጎንና ከኋላም ይፈተናል። ማሰሪያውም 500 ኒውተን ድረስ ተጎትቶ መያዝ አለበት፤ 50 ኪሎ ግድም ሲንጠለጠልበት ማለት ነው። ለግዢ ክፍሉ የምለው ይህንኑ ነው፦ ጨረታው ላይ «ሄልሜት» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። ቁጥሩን ጻፉ። የልጅ ልክ መሆኑንም ጻፉ።

የብስክሌት ሄልሜትስ? ከባዶ ራስ ይሻላል። ደረጃው ኢኤን 1078 ነው። ብዙውን ጊዜ ውስጡ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ዓይነት ነጭ ፎም ነው። የሚያድነው በመፍረክረክ ነው፤ አንዴ በኃይል ከተመታ አበቃ፣ ይጣላል። ዋሻ ውስጥ ልጅ ጣሪያውን የሚመታው አንዴ አይደለም፤ በአንድ ጉብኝት ብዙ ጊዜ ይጋጫል። ሌላ እስኪገኝ ድረስ በእሱ መጠቀም ይቻላል፤ መምሪያው ሲገዛ ግን እሱን አይግዛ።

ልክ ሳይሆን ከተደረገ ደግሞ ጥሩው ሄልሜትም ኮፍያ ነው። ከቅንድብ በላይ ያለውን የራስ ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ። ሄልሜቱ ግንባርን ሸፍኖ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ይተው። ብዙ ልጆች ፎቶ ላይ እንዲያምር ወደ ኋላ ገፋ ያደርጉታል፤ ያኔ ግንባሩ ባዶ ነው። ማሰሪያው ሳይታሰር ልጁ ራሱን ሲነቀንቅ ሄልሜቱ መዞር የለበትም። ሲታሰር አገጩ ሥር አንድ ጣት ያስገባ፣ ከዚያ አይበልጥ።

ሴት ልጆችን በተመለከተ ማንም የማያነሳው ነገር አለ። ሹሩባው አናት ላይ ከተሰበሰበ ሄልሜቱ አይቀመጥም፤ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ለጉዞው ቀን ወደ ኋላና ወደ ታች የሚወርድ ሹሩባ ይሠራላቸው። እናቶች ቀደም ብለው ካወቁት ችግር የለውም፤ ጠዋት አውቶቡስ በር ላይ የተነገረ ለታ ግን ልጅቷ ወይ ታለቅሳለች ወይ ሄልሜቱን ትይዘዋለች። በደብረ ብርሃን ብርድ የለመድነው ወፍራም የሱፍ ኮፍያም ከሥር አይሆንም። ስስ ሻሽ ይበቃል። ሻሹ ለሌላም ይጠቅማል። ወላጆች «ልጄ የሰው ልጅ ያደረገውን አድርጎ ቆረቆር ይዞ ይመጣል» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሻሽ ከሥር ያድርግ፣ ከጉዞው በኋላ ሄልሜቱ በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። በቤንዚን ወይም በቀለም ማቅጠኛ አይጸዳ። የትምህርት ቤቱ ስም በቀለም አይጻፍበት። እነዚህ ነገሮች ፕላስቲኩን ከውስጥ ያዳክሙታል፤ ከውጭ አያስታውቅም።

ደግሞ አንድ የተገላቢጦሽ ነገር ልንገራችሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ሄልሜቱ ይውለቅ። ልጆች ሄልሜት እንዳደረጉ ዛፍ ከወጡ ወይም ጠባብ ክፍተት ባለው መጫወቻ ላይ ከተንጠለጠሉ፣ ሰውነታቸው አልፎ ሄልሜቱ ሊያዝ ይችላል፤ ማሰሪያው ያንቃቸዋል። በአውሮፓ በዚህ መንገድ ልጆች ሞተዋል። ለትንንሽ ልጆች ሲጎተት የሚለቅ ማሰሪያ ያለው ሌላ የሄልሜት ደረጃ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ መምህሩ «አድርጉ» ብቻ ሳይሆን «አውልቁ»ም ማለት አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የዋሻ ቤተ ክርስቲያኖቹ ጉዳይ ነው። ወንድ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ኮፍያውን ያወልቃል። ሁሉም ጫማውን ያወልቃል። ይህን ሥርዓት ጣሱ ብዬ የምመክር ሰው አይደለሁም፤ ብመክርም ማንም አይሰማኝ። ግን ልጁ በብዛት አደጋ የሚያገኘው መቅደሱ አጠገብ አይደለም። ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ በገደሉ ሥር ባለችው ቀጭን መንገድ ሲያልፍ፣ ጸበሉ ያረጠበው ድንጋይ ላይ ሲቆም ነው። ሄልሜቱ እስከ ቅጥሩ በር ይደረግ፣ በሩ ላይ ይውለቅ፣ ሲወጡ ይመለስ። የአጥቢያው አስተዳዳሪ ከጉዞው በፊት ቢጠየቁ የትኛው ቦታ ላይ መውለቅ እንዳለበት፣ የትኛው ጣሪያ ድንጋይ እንደሚጥል ይናገራሉ። ከእሳቸው የበለጠ ያን ድንጋይ የሚያውቅ የለም። ጧፍ ይዘው የሚገቡ ልጆችም ነጠላቸውን ይሰብስቡ፤ በጠባብ ቦታ ጧፍና ነጠላ አይስማሙም።

«እኛ ያለ ሄልሜት አይደለም እንዴ ያደግነው?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ አድገናል። ገደል የገባውን እረኛ ግን «አድገናል» ብሎ ሲናገር የሰማው የለም፤ እሱ የለምና። ደግሞስ ለአዋቂው ሕግ አውጥተንለታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ብሎክ የሚሸከመው ጎልማሳ ሄልሜት የማግኘት መብት አለው፤ በመምህሩ ትእዛዝ ዋሻ የሚገባው ልጅ የለውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት ይታሰብ ይላል። የትምህርት ጉዞም እርምጃ ነው። የመንዝ ሰው ለጓሳ ሣር መቼ እንደሚታጨድ፣ መቼ እንደሚዘጋ ቄሮ የሚባል የአጠባበቅ ሥርዓት አውጥቶ ለብዙ ትውልድ አስከብሯል። ለሣር የወጣ ደንብ ለልጅ አይወጣም?

ሄልሜት ግን ሁሉን አይመልስም። ይህን ደብቄ ባልፍ አታለልኳችሁ ማለት ነው። ከምኒልክ መስኮት ቁልቁል የወደቀን ልጅ የትኛውም ሄልሜት አያድነውም። እዚያ የሚያድነው ከጫፉ መራቅ ብቻ ነው፤ በተለይ ጉሙ ሲመጣ። ጣርማ በርን የሚያውቅ ጉሙ እንዴት ድንገት እንደሚከድን ያውቃል። ሄልሜት ያደረገ ልጅ ደግሞ ይደፍራል። ስለዚህ መምህሩ መስመሩን በድንጋይ ወይም በገመድ ያሳይ፣ ከዚያ ወዲያ ፎቶ የለም ይበል፣ መጀመሪያ እሱ ራሱ ያክብረው። ሄልሜቱንም እሱ ራሱ ያድርግ። መምህሩ ያላደረገውን ልጅ አያደርግም።

ዝናቡም አለ። መንዝና አካባቢው በልግ አብቃይ ነው፤ የበልጉ ዝናብ በሚጥልባቸው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ደግሞ ትምህርት ቤቶች ጉዞ ያበዛሉ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ታይላንድ ውስጥ 12 የእግር ኳስ ልጆች ከአሠልጣኛቸው ጋር ታም ሉዋንግ የሚባል ዋሻ ገብተው ጎርፍ መውጫቸውን ዘጋባቸው። ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይተው ሁሉም በሕይወት ወጡ። ሊያድናቸው የገባ አንድ የቀድሞ የባሕር ኃይል ጠላቂ ግን ሞተ። ዓለም በሙሉ ነው የተረባረበው። እኛ ጋ ቢሆን ማን ይመጣልናል? ሰማይ ከጠቆረ፣ ወይም ላይኛው አገር ዘንቦ ወንዙ ከደፈረሰ፣ ዋሻው ለሌላ ቀን ይቆይ። ዋሻ የሚገባ ቡድን ማን እንደገባ፣ ስንት እንደሆኑ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጡ ውጭ ለቀረ ሰው ይንገር። ሰዓቱ ካለፈ ያ ሰው ዝም ብሎ አይጠብቅ። መብራትም አንድ ብቻ አይሁን፤ ዋሻ የለመዱ ሰዎች ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት መብራት ይላሉ። ሦስቱ ቢከብድ ሁለት ይሁን። የስልክ መብራት አይቆጠር።

አደጋ ከደረሰስ? ራሱን የተመታ ልጅ ወጌሻ ጋ አይወሰድ። ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፤ የራስ ቅል ውስጥ የሚፈስን ደም ግን በእጅ ዳስሶ የሚያውቅ የለም። ቡናም አይደረግበት፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ደሙን ማቆም ይበቃል። አጥንቱ የተሰበረ ወይም የገባ ከመሰለ ግን በላዩ ላይ አትጫኑ። ከከፍታ ወድቆ ከሆነ አንገቱን ሳያጣምሙ በቃሬዛ ይነሳ። ልጁ ለትንሽ ጊዜ ራሱን ስቶ ከነቃ በኋላ «ደህና ነኝ» ይል ይሆናል፤ አትመኑት፣ ሐኪም ይየው። ከሰዓታት በኋላ ማስታወክ፣ መደንዘዝ፣ የማይተው ራስ ምታት፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ፈሳሽ መውጣት፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት፣ እንቅልፍ ብሎ ሲቀሰቅሱት አለመንቃት ከታየ ሆስፒታል እንጂ ቤት አይኬድም። ያን ሌሊት ወላጅ አብሮት ይደር። መምህሩም «ትንሽ ወድቆ ነበር» ብሎ እንዳያሳጥረው፤ ምን ያህል ከፍታ እንደነበር ለወላጁ ይንገር። የተመታው ሄልሜት ስንጥቅ ባይታይበትም ከአገልግሎት ይውጣ።

ወጪውን አውቃለሁ። መጠገኛ የሌለው ጣሪያ ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሉን። ለዚያ ነው በየትምህርት ቤቱ ይገዛ ያላልኩት። በአንድ ጉድኝት ማዕከል አንድ አውቶቡስ ልጅ የሚበቃ ሄልሜት ይቀመጥ፤ ትምህርት ቤቶቹ በተራ ይዋሱ። ብዙ አምራቾች የፕላስቲክ ሄልሜትን ዕድሜ እስከ 10 ዓመት ያደርሱታል፤ ፀሐይ ላይ ካልተሰጣ። የአንድ ዓመት ወጪ አይደለም። ብቻ እባካችሁ፣ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ ንብረት ክፍል ከተቆለፈበት በኋላ የዕቃ ማውጫውን ሞዴል 22 የሚፈርም ጠፍቶ አቧራ የሚለብስ ዕቃ እንዳይሆን። ይህን የምለው ቤተ ሙከራ ዕቃ ካርቶኑ ሳይከፈት ያረጀበትን መጋዘን ስላየሁ ነው። ንብረት ክፍሉ የጠፋ ሄልሜት ከደሞዙ እንዳይቆረጥበት ይፈራል፤ ፍርሃቱ ትክክል ነው። መመሪያው ላይ በአገልግሎት የተሰበረ ሄልሜት በመምህሩ ሪፖርት ብቻ ይወገዳል የሚል መስመር ካልገባ ማንም አያወጣውም።

ባህልና ቱሪዝም መምሪያን ደግሞ ስለ ሌላው ልጅ ልጠይቅ። ከተማሪዎቹ ፊት ፊት እየሄደ ዋሻውን የሚያሳየውን የአካባቢ ልጅ ማለቴ ነው። ከብቱን ለታናሹ ትቶ ለጥቂት ብር ይመራናል። ከሁሉ ቀድሞ እሱ ይገባል፣ ከሁሉ በኋላ እሱ ይወጣል። እሱ ተማሪ ሆኖ አልተመዘገበም፤ በፈቃድ ወረቀትም አይካተትም። አስጎብኚ ይሁን የሚባል ከሆነ አዋቂ ይሁን፣ ሥልጠና ያግኝ፣ ይከፈለው። ልጅ ከሆነ ግን 60 ሄልሜት ስትጭኑ ለእሱ 61ኛውን ጫኑ። ስማችን አንድ የሆነው የኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ ኃላፊዎችም፣ ደብረ ሊባኖስ ገደል ጫፍ ላይ በየሳምንቱ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ተማሪ የምታዩ ናችሁና ደብዳቤው ለእናንተም ይድረስ።

ወላጆች፣ መመሪያው እስኪወጣ አትጠብቁ። የሚቀጥለው የፈቃድ ወረቀት ቤታችሁ ሲመጣ ወዲያው አትፈርሙ። ጀርባው ላይ እነዚህን ጻፉ፦ ለልጄ ራስ በልኩ የሆነ ሄልሜት ይዛችኋል ወይ? ስንት መብራት አለ? የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑን የሚይዘው ማን ነው፣ ከልጆቹ ጋር ዋሻው በር ድረስ ይመጣል ወይ? በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መልስ ጠይቁ። እኔ ይህንኑ ወረቀት ለወላጅ መምህር ኅብረቱ ስብሰባ አባዝቼ አቀርባለሁ፤ አንድ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለመምሪያው መዝገብ ቤት አስገባለሁ። የደብዳቤውን ቁጥር እንዳገኘሁ ለሁሉም አሳውቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ወላጅ፣ ደብረ ብርሃን